በፓርቲ የተከፋፈለ መንግሥት ወጪን ይገታልን?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ (ሕግ አውጪው ምክር ቤት) ከተለያየ ፓርቲ ሲሆኑ የመንግሥት ወጪ ይገታል የሚለው አስተያየት ከፊል እውነት ብቻ ይመስለኛል። የአስተያየቱ ደጋፊዎች ዘወትር የሚጠቅሱት ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከሪፐብሊካን ኮንግረስ ጋር የሠሩበትን ዘመን ሲሆን፣ እርግጥ ነው፣ ከ1998 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በጀቱ ትርፍ አሳይቷል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የአክሲዮን ገበያው ማበብ ያስገኘው የግብር ገቢና ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቃት በኋላ የቀነሰው የመከላከያ ወጪ የነበራቸው ድርሻ ሊዘነጋ አይገባም። በአንጻሩ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሬገን ዴሞክራቶች ከተቆጣጠሩት የተወካዮች ምክር ቤት ጋር በሠሩባቸው ዓመታት ጉድለቱ ሰፍቷል። በ2020 ደግሞ ሪፐብሊካኑ ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆነው ዴሞክራቶች የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲመሩ (ወቅቱ የወረርሽኝ ቢሆንም) 2.2 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ የሚያስወጣው የድጋፍ ሕግ በሴኔቱ ያለ አንዳች የተቃውሞ ድምፅ አልፏል። ተቀናቃኞች ሲደራደሩ አንዱ የመከላከያውን፣ ሌላው የማኅበራዊ አገልግሎቱን በጀት አስጨምሮ ሂሳቡን ለብድር መተው ይቀላቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ