ኮርቻው የማን ይሁን?

ውዴ፣

እንዴት ከረምሽ? ከጻፍኩልሽ ዓመት አለፈኝ። አንቺ በመሃል ሁለት ጊዜ ጻፍሽ፤ እኔ ዛሬ እመልሳለሁ ነገ እመልሳለሁ ስል ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ መዘግየቴ ራሱ እያሳፈረኝ ጭራሽ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በይኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ትናንት ማታ ባለፈው ወር የላክሽውን መልእክት ደግሜ ሳነበው ግን መተኛት አቃተኝ። ፈረስ ግልቢያ ልትማሪ ነው። አጎትሽ ደግሞ ለዓመታት ማንም ሳይነካው የተቀመጠ ኮርቻ ሰጥተውሻል። "ይዤው ልሂድ ወይስ የትምህርት ቤቱን ልጠቀም?" ብለሽ ጠየቅሽኝና ከሥሩ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የሚል ጨመርሽበት። ልብሽ ወዴት እንዳዘነበለ ገብቶኛል። የራስ ዕቃ ደስ ይላል፣ በዚያ ላይ የአጎትሽ ነው።

የኔ መልስ፦ የአጎትሽን ኮርቻ ቤት ተዪው። የምትቀመጪበት ፈረስ በለመደው፣ ለሱ ጀርባ ተለክቶ በተመረጠለት ኮርቻ ተማሪ። ኮርቻ እንደ ጫማ ነው ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ጫማው የሚለካው ለፈረሱ ነው።

ይሄን የተማርኩት ፈረስ አሳምሜ ነው። ለማንም በዝርዝር ነግሬ አላውቅም። ትምህርት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ ያገለገለ ኮርቻ ገዛሁ። ቆዳው የለሰለሰ፣ ስቀመጥበት ለኔ የተሠራ የሚመስል። የምማርበት ዳማ ፈረስ ላይ ይጫንልኝ አልኩ፣ ማንም አልከለከለኝም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ። በሦስተኛው ሳምንት ኮርቻውን ይዤ ስጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ ማስተኛት፣ የሆዱን ማሰሪያ ስናጠብቅ ዞሮ ለመንከስ መሞከር ጀመረ። አመሉ ተበላሸ ተባለ፣ እኔም አመንኩ። አንድ ቀን ኮርቻውን ሳወርድ ጀርባው በሙሉ በላብ ርሷል፣ ከትከሻው ጀርባ ግራና ቀኝ ግን መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ደረቅ ቦታዎች አሉ። እዚያ ጋ ያላላበው ተመችቶት ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ በተቃራኒው ነው። ኮርቻው እዚያ ቦታ ላይ አጥብቆ ስለሚጫን ላቡ እንኳ መውጣት አልቻለም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አበጠ፣ በእጄ ስነካው ጀርባውን ወደ ታች ይሰብራል። ገጠብኩት። ለሳምንታት ማንም አልጫነውም። ሲድን በዚያ ቦታ የበቀለው ፀጉር ነጭ ሆነ፣ ምክንያቱም ከባድ ጫና ለፀጉር ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ይገድላል። በዳማው ላይ ሁለት ነጭ ምልክት። እስካሁን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆዳው ሥር የኮርቻው አጽም አለ፣ ከእንጨት ወይም ከሌላ ጠንካራ ነገር የተሠራ፣ እንደልብ የማይተጣጠፍ። ለፈረሱ ከጠበበ ትከሻው ላይ እንደ ጉጠት ይይዘዋል። ከሰፋ ደግሞ ወደ ታች ይሰምጥና ከአንገቱ ግርጌ ጉብ ያለው አጥንት ላይ ያርፋል። ከፊትና ከኋላ ብቻ ነክቶ መሃሉ ክፍት ሆኖ ሲቀር ክብደትሽ በሙሉ አራት ነጥብ ላይ ይወድቃል። የኔ የጠበበ ነበር። ወፍራም ምንጣፍ ከሥሩ ብናደርግ ይለሰልስለታል ብለን ጨመርንበት፣ ያ ደግሞ በጠባብ ጫማ ላይ ሁለት ካልሲ እንደመደረብ ነው፣ ባሰበት።

አንቺ ደግሞ ጀማሪ ነሽ። ዛሬ አንዱ ፈረስ ላይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው ላይ ትቀመጫለሽ። አንድ ኮርቻ ለሁሉም ሊሆን አይችልም። መዝለል ትወጂ እንደሆነ ወይም በሜዳ ላይ በዝግታ መሥራት፣ እሱም ገና አልታወቀም፤ ለሁለቱ የሚሠራው ኮርቻ አንድ ዓይነት አይደለም። የአጎትሽ ኮርቻ ደግሞ ለዓመታት ተቀምጧል ብለሻል። የደረቀ ቆዳና የበሰበሰ ስፌት ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ የሆድ ማሰሪያው የሚያያዝበት ጠፍር በሶምሶማ መሃል ቢበጠስ ግን መሬት ላይ ነሽ። እሱን ስለ ኮርቻ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ማንም እንዳይቀመጥበት።

የትምህርት ቤት ስለሆነ ብቻ ኮርቻው ደህና ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሳታፍሪ ጠይቂ። "ይሄ ኮርቻ የዚህ ፈረስ ነው?" በይ። ጥሩ ቦታ ከሆነ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ኮርቻ አለው። አንዱን ኮርቻ ከፈረስ ወደ ፈረስ እያዘዋወሩ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ይሄን የምልሽ ከልቤ ነው። በባለሙያ የታየው መቼ እንደሆነም ጠይቂ። ውስጡ የተሞላው ሱፍ ከሆነ እየተጨመቀ ይሄዳል፣ የፈረሱም ጀርባ ሲከሳ፣ ሲወፍር፣ ጡንቻ ሲያወጣ ቅርጹ ይቀያየራል፤ ስለዚህ በየ6 ወሩ፣ ቢበዛ በዓመት አንዴ መታየት አለበት።

አንቺም ልታዪው ትችያለሽ። ላዩ ላይ ተቀምጠሽ ሳለ በኮርቻው ፊትና በጉብታው አጥንት መሃል 2 ወይም 3 ጣት መግባት አለበት። ከኋላ ሆነሽ ስታዪ በመሃል ያለው ቦይ የጀርባ አጥንቱን ሳይነካ ከፊት እስከ ኋላ ብርሃን ያሳልፋል። የኮርቻው መጨረሻ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት፣ ከ18ኛው ማለት ነው፣ ማለፍ የለበትም።

ያንቺ ምቾት አይቆጠርም እንዳትይኝ። ይቆጠራል። በእንግሊዝ ዓይነቱ ኮርቻ ላይ የትልልቅ ሰዎች መቀመጫ ባብዛኛው ከ16 እስከ 18 ኢንች ነው፤ ተቀምጠሽ ከኋላሽ አራት ጣት ያህል ቦታ ከተረፈ ልክሽ ነው። ከጠበበሽ ወደ ፊት እየገፋሽ ሚዛንሽን ያሳጣሻል። ያኔ ግን "ኮርቻ ቀይሩልኝ" አትበዪ፣ "ኮርቻው የሚሆነኝ ፈረስ ስጡኝ" በይ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የራሴ ነገር ይኑረኝ ካልሽ ሄልሜት ግዢ። እሱን ከሰው ተውሰሽ አታድርጊ፤ አንድ ጊዜ ወድቆ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ተጎድቶ ከላይ አይታይም፣ የሰውን ታሪክ ደግሞ አታውቂም። ተረከዝ ያለው ጫማም ግዢ፣ እግርሽ በእርካቡ ሾልኮ እንዳያልፍ። ስትወድቂ እግርሽ ቶሎ እንዲወጣ እርካቡ ከጫማሽ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ይስፋ።

ኮርቻ መግዛት የሚመጣው አንድ ፈረስ ያንቺ ሲሆን ወይም ለረጅም ጊዜ አንዱን ብቻ ስትጋልቢ ነው። ያኔ የአጎትሽን ኮርቻ አውጥተን፣ ለዚያ ፈረስ ጀርባ ይሆን እንደሆነ ባለሙያ ጠርተን እናስለካለን። ከሆነ እኔ ነኝ ቆዳውን የምቀባልሽ።

ምናልባት ይሄ እስኪደርስሽ ጀምረሽ ይሆናል። እንግዲያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። ከትምህርቱ በኋላ ኮርቻው ሲወርድ ቶሎ አትሂጂ፣ የላቡን ምልክት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ከግራም ከቀኝም። በዚያው ቀን እመልስልሻለሁ።

ያንቺው