ለበርሜሎቻችን መረብ፦ ለድሬ ልጆች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የድሬ ልጆች፣ እዚህም ያላችሁ፣ ባሕር ማዶም ያላችሁ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምንጽፈው የአንድ ሰፈር እድርና አፎቻ (እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) አባላት ነን። ለቀብርና ለሠርግ አብረን ከቆምን በትንኝ ላይም አብረን መነሳት አያቅተንም ብለን ተነስተናል።

ጥያቄያችን አጭር ነው። በሰፈራችን ያለውን የውሃ በርሜል ሁሉ በመረብ መክደን እንፈልጋለን። ለዚህ ገንዘብ፣ መረብና ያረጀ የጎማ ካላማዳሪያ ያስፈልገናል።

“ለበርሜል ክዳን ደግሞ መዋጮ?” የሚል አይጠፋም። እስቲ እናስታውስ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጌ የሚባለው፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ ድሬዳዋ ገባ። በአገራችን በወረርሽኝነት ሲመዘገብ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ተከተለ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። በየቤቱ ግድግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ነበር። ትኩሳቱ ቢለቅም የመገጣጠሚያ ሕመሙ አንዳንዱን ለወራት አልለቀቀውም። በ2014 ደግሞ ወባ መጣ፤ ያውም በበጋ። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች ትንኝ አገኙ። የለመድናት የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ትፈልጋለች። ለዚችኛዋ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ደንጌና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈውም ያው የበርሜል ደንበኛ ናት።

ወረርሽኝ ሲነሳ ጣጣው ሆስፒታል ላይ ይወድቃል። ሆስፒታላችን ድል ጮራ የድሬ ብቻ አይደለም፤ ከምሥራቅ ሐረርጌም ከሲቲ ዞንም ሪፈር የተጻፈለት ይመጣበታል። ትኩሳት የያዘው ሁሉ ሲጎርፍ፣ ምጥ የያዛት እናትና መኪና የገጨው ሰው እዚያው ግፊያ ውስጥ ይገባሉ። ወባ ይሁን ደንጌ በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ላብራቶሪው ይጨናነቃል። ነርሷንም ትንኟ አትምራትም። እሷ ስትተኛ ተረኛ ይጎድላል። ለደንጌም ለቺኩንጉንያም ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ያለው ፈሳሽ፣ ፓራሲታሞልና ክትትል ነው። (በነገራችን ላይ ደንጌ ከተጠረጠረ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መውሰድ ደም መፍሰስን ሊያብስ ይችላል። ፋርማሲ ገብታችሁ “ለቁርጥማት የሚሆን ስጠኝ” ከማለታችሁ በፊት ይቺን አትርሱ።) ታማሚው ባጃጅ ነጂ ከሆነ ደግሞ ሳምንት ሲተኛ የቤቱ ገቢ ቆመ ማለት ነው።

“ውሃ አታጠራቅሙ” የሚሉን አሉ። አቦ፣ ቧንቧው በፈረቃ እየመጣ ሳናጠራቅም ምን እንጠጣ? መርጨቱም ይረጭ፣ አንቃወምም። ግን የሚረጨው የሚገድለው የምትበረውን ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው እጭ ከቀናት በኋላ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። በርሜሉ ውስጥም ከውሃው ከፍ ብሎ ያው ቅርፊት አለ። የደንጌዋ ትንኝ እንቁላሏን የምታጣብቀው እዚያ፣ ከውሃው ጠርዝ በላይ ነው። እንቁላሉ ጥቁር ነው፤ ጥላሸት ነክቶት የሄደ ይመስላል። ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኘው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ ዋጋ የለውም። በሳምንት አንዴ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል።

ክዳኑ ቀላል ነው። ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ጥቅጥቅ ያለ መረብ፣ ጠርዙ ተሰፍቶ፣ ከካላማዳሪያ በተቆረጠ ቀለበት በርሜሉ አፍ ላይ ይወጠራል። ውሃ በላዩ ላይ ቢያፈሱበት ያሳልፋል። ለመቅዳት በአንድ በኩል ገለጥ ማድረግ ነው። ቆርቆሮ ፀሐዩ ያግለዋል፣ ልጆችም ይገፉታል። ላስቲክ ደግሞ ረገብ ሲል ዝናብ ያቁራል፤ ለትንኝ ሁለተኛ ቤት መሥራት ነው።

ከመዋጮው ከፊሉ መረብ፣ ክርና ብሩሽ ይገዛል። ቀሪው ለአጎበር ነው። “የደንጌ ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፤ አጎበር ምን ያደርጋል?” ትሉ ይሆናል። የታመመ ሰው እኮ በቀንም ይተኛል። ትኩሳቱ በጀመረባቸው ቀናት የምትነክሰው ትንኝ ቫይረሱን ከሱ ወስዳ ለጎረቤት ታደርሳለች። እሱን አጎበር ውስጥ ማስተኛት ቤተሰቡን ማትረፍ ነው። አጎበሮቹ በእድሩ ቤት ይቀመጣሉ፤ የታመመበት ቤት ወስዶ ሲሽረው ይመልሳል።

መጋላ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ያለ ክፍያ ሊሰፉልን ቃል ገብተዋል፤ እግዜር ይስጥልን። ገንዘቡ የሚወጣው በእድሩ ዳኛ፣ በአፎቻው ሰብሳቢና በገንዘብ ያዣችን ፊርማ ነው። ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለው በየወሩ መጨረሻ በእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ውጭ ላላችሁትም ፎቶውን እንልካለን።

ገንዘብ የምትሰጡ፣ ከገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ። ሱቅ ያላችሁ፣ የተራረፈ የመስኮት መረብ ካለ አትጣሉት። ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች፣ ብሩሹን ይዘን ቤት ለቤት ስንዞር ተቀላቀሉን፤ አቅም የሌላቸው አዛውንት በርሜሉን አዘንብለው መፈተግ አይችሉም። ባጃጅ ነጂዎች ደግሞ የተበሳ ካላማዳሪያችሁን ጎሚስታ ቤት ጥላችሁ አትሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘን በየፌርማታው እንዞራለን።