ከሐርቡ ፍል ውሃ እስከ ተንዳሆ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ቅዳሜ ሐርቡ ፍል ውሃ ወርጄ ወገቤን ስዘፈዝፍ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኛ ለወገብ ሕመም የምንነከርበት የምድር ሙቀት ለኬንያ መብራት ነው። ኦልካሪያ ላይ በ1973 ዓ.ም. ጀምረው ዛሬ ከኤሌክትሪካቸው 40 ከመቶ የሚሆነውን ከእንፋሎት ያገኛሉ።

እኛስ? ላንጋኖ አጠገብ ያለው የአሉቶ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ በ1990 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። እሱም ቢሆን ብዙ ዓመት ተበላሽቶ ቆሟል። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ሰመራ ለሚሄድ ተንዳሆ ቅርብ ነው። እዚያ በ1980ዎቹ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ የጠለቁ ጉድጓዶች ተቆፍረው እንፋሎት ተገኝቷል። ኤሌክትሪኩ ግን የለም።

ቁፋሮው ውድ መሆኑ ይገባኛል። አንዱ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል፣ ባዶም ሊሆን ይችላል። ግን ግድቦቻችን ዝናብ ይጠብቃሉ፤ እንፋሎት ክረምት በጋ አይልም። እኔ በርበሬ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፣ መብራት የለም እየተባልኩ።

እስቲ ጋዜጠኛ ልካችሁ ተንዳሆ ምን ላይ እንደደረሰ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ