አይቡን ማጠብሽ ልክ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሿ "እማማ መቼ ነው የምትመጣው" እያለች ፋታ ነስታኛለች።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ስልክ ላይ ስለማታስጨርሺኝ ነው። "እሺ እሺ" ትያለሽ። ከዚያ ማን ወለደ፣ ማን አገባ ትጀምሪያለሽ፣ የኔ ወሬ በዚያው ይቀራል። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌዋለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቡናሽን ይዘሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ምራትሽም ብታነበው ደስ ይለኛል፤ እሷንም ይመለከታል።

ነገሩ ስለ አይቡ ነው። "እሱ ገና አላለቀም?" እንደምትዪ አውቃለሁ። አላለቀም። ያላለቀው ደግሞ በኔ ጥፋት ነው።

ዳላስ በገባሽ በመጀመሪያው ወር፣ በኛ አይብ ፈንታ የሚገዛልሽን የሱቅ አይብ፣ ኮቴጅ ቺዙን፣ ማጥለያ ላይ ገልብጠሽ ቧንቧ ሥር ስታጥቢው ወንድሜ በቪዲዮ አሳየኝ። ነጩ ውሃ ከማጥለያው ሥር ይወርዳል። አንቺ በማንኪያ ታገላብጫለሽ። "ይሄ ነገር ምን ለብሶ ነው የመጣው?" አልሽ። ሁላችንም ሳቅንብሽ። እኔ ደግሞ አዋቂ ሆኜ "እማዬ ተዪው፣ ጥቅሙን እኮ ነው የምታጥቢው" አልኩሽ። ተውሽው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነልብሱ ትበዪዋለሽ።

ልብሱ ክሬምና ጨው ነበር፣ እማዬ።

ነገሩ የገባኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ወንድሜ የደም ግፊትሽን የሚጽፍበትን ደብተር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁዳዴን በሙሉ፣ 55ቱንም ቀን፣ የላይኛው ቁጥር በ130 እና በ135 መካከል ይመላለሳል። ጾሙ ከተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ግን 148፣ 152፣ 150። "የዶሮ ወጡ ነው" ብለሽ አለፍሽው። የዶሮ ወጡም እጅ ይኖርበታል። ሁሉንም በአይቡ ማላከክ አልፈልግም። ግን ዶሮ ወጡ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ጠዋት ጠዋት በቂጣ የምትበዪው ኮቴጅ ቺዝ ግን አላለቀም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል።

የኔን ሥራ ታውቂዋለሽ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ነው። ጠዋት ቁርስ በትሪ እደረድራለሁ። እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ኮቴጅ ቺዝ በታሸገ ኮክ ይወዳሉ። ነጩ ላይ ቢጫው ኮክ ቁጭ ይላል፣ ለዓይን ያምራል። በየትሪው ላይ አንዳንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ "ጨው የተቀነሰ" ካለ፣ ከተለመደው ዕቃ አልጨልፍም፤ ጨው ካልገባበት ከሌላኛው ነው የምጨልፈው። ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ ይሄን ሲያደርግ ኖሯል። ለሰው እናት ትሪ እየተጠነቀቅሁ፣ ማታ ለራሴ እናት በስልክ "ብዪው፣ ስብ የለውም" እላለሁ። የወንድሜ ፎቶ የደረሰኝ ትሪ እየሞላሁ ሳለ ነው። ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ።

ቁጥር እንደማትወጂ አውቃለሁ። ጥቂት ብቻ ታገሺኝ።

የተለመደው ኮቴጅ ቺዝ በ100 ግራም 11 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ስቡ 4 ግራም አካባቢ ነው። 100 ካሎሪ ቢሞላ ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም አይወጣለትም። ሶዲየሙ ግን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ግራም ነው። ሶዲየም ማለት ጨው ውስጥ ያለው፣ ግፊት የሚያስነሳው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ይውሰድ ይላል። አንቺ ደግሞ በማንኪያ አይደለም የምትበዪው። ያቺን ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን ወንድሜን አስመዝኜዋለሁ፤ 220 ግራም ትይዛለች። እንግዲህ ቡናው ሳይፈላ የቀኑ ድርሻሽ ሲሶው አልቋል፤ አንዳንዱ ዓይነት ሲሆን ከሲሶም ያልፋል። ወጡ ገና አልመጣም።

ምራትሽ የምትገዛው ሌላው ለስላሳ አይብ፣ ሪኮታ፣ በዚህ በኩል በብዙ ይሻላል። ሶዲየሙ በ100 ግራም 100 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየሙ ወደ 200 ሚሊ ግራም ይጠጋል፤ የኮቴጅ ቺዙ 80 ገደማ ነው። "ጣዕም የለውም፣ የበሽተኛ ምግብ" ብለሽ የገፋሽው እሱን ነው። ምራትሽን ይቅርታ ብትጠይቂያት... ተዪው፣ እኔ እጠይቅልሻለሁ።

አንቺም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትሽም። አንድ ጊዜ ቀምሰሽ "ይሄ ቅቤው አልወጣለትም" ብለሻል። እውነትም አልወጣለትም። ከሙሉ ወተት የተሠራ ሪኮታ በ100 ግራም ከ10 እስከ 13 ግራም ስብ አለው፤ የኮቴጅ ቺዙን ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። አብዛኛው ደግሞ እንደ ቅቤ የሚረጋው፣ ሐኪምሽ "ቀንሺ" ያለሽ ዓይነት ነው። እኔ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ሠንጠረዥ ማንበብ ነበረብኝ፤ አንቺ በምላስሽ አወቅሽው።

ለምን እንዲህ እንደሚለያዩ ሳጣራ፣ ዞሬ ደብረ ብርሃን ጓዳችን ገባሁ።

ቅሉን በወይራ አጥነሽ፣ እርጎውን ሞልተሽ ትገፊው ነበር። ድምፁ ሲለወጥ "ወጣ" ትያለሽ፤ እኔ ምንም ልዩነት አይሰማኝም። ቅቤው ተለቅሞ የቀረው አሬራ ድስት ውስጥ ይገባል። እሳቱ ለስለስ ያለ ነው። "እንዳይፈላ፣ ከፈላ ይደርቃል" እያልሽ በጣትሽ ነበር ሙቀቱን የምትለኪው። አይቡ ሲረጋ አጓቱ ይጠለላል። አጓቱ ለጥጃው ነበር፤ እኔም አንድ ኩባያ እሰርቅ ነበር።

ለካ ካልሲየሙ አጓቱ ውስጥ ነው የሚሄደው! ወተት ኮምጥጦ ሲረጋ ኮምጣጣነቱ ካልሲየሙን ያሟሟዋል፣ ከአጓቱ ጋር ይፈሳል። ኮቴጅ ቺዝም እንደኛ አይብ ኮምጥጦ ነው የሚረጋው፣ ስለዚህ ካልሲየሙ ያንሳል። ሪኮታ ግን ብዙም ሳይኮመጥጥ በኃይለኛ ሙቀት ስለሚረጋ ካልሲየሙን ይዞ ይቀራል። ጣፈጥ የሚልሽም ስላልኮመጠጠ ነው። የወተት ስኳሩም ስላለ፣ ወተት ሆድሽን እንደሚነፋሽ እሱም ሊነፋሽ ይችላል። በትንሹ ጀምሪው።

ሪኮታ በጣልያንኛ "እንደገና የበሰለ" ማለት ነው። ጣልያኖቹ አይብ ሠርተው የቀረውን አጓት መልሰው እሳት ላይ ጥደው ነው የሚያወጡት። የነሱም እናቶች እንዳንቺ ምንም ነገር አይደፉም። እዚህ አሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ ከወተቱም ይሠሩታል፤ ስቡ የበዛው ለዚያ ነው። ኮቴጅ ቺዝ ደግሞ ስቡ ከወጣለት ወተት ይረጋል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ክሬምና ጨው ይለብሳል። ፋብሪካዎቹም "ድሬሲንግ" ነው የሚሉት። ምን ለብሶ ነው የመጣው ያልሽው ለዚህ ነው።

የኛ አይብ ጥሩ ከተገፋ አሬራ ሲሆን ስቡ በ100 ግራም 2 ግራም አይሞላም። ፕሮቲኑ 14 እና 15 ግራም አካባቢ ነው። ጨው ካልጨመርሽበት የለውም። እሱን እዚህ ከየት እናምጣ? ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ሙሉ ወተት አሙቀው በሎሚ ያረጉታል። ይጣፍጣል፣ አልክድም። ግን ቅቤው እዚያው ውስጥ ነው። ስሙ አይብ ይሁን እንጂ ሥራው የሪኮታ ነው። ሱቅ ያለው፣ ባተርሚልክ የሚሉት አሬራም ብዙ ጊዜ ጨው አለበት፣ ወንድሜ ጀርባውን ሳያነብ አይግዛ።

እንግዲህ እንዲህ ብታደርጊ እወዳለሁ። ለቁርስ ሪኮታ ይሁን፤ ግን "ፓርት ስኪም" የሚለው፣ ስቡ በከፊል የወጣለት። እሱ ስቡ 8 ግራም ገደማ ነው፣ ካልሲየሙ እንዲያውም ከሙሉው ይበልጣል። አምና በረዶው ላይ ከወደቅሽ ወዲህ አጥንትሽ ያሳስበኛል። በሰማያዊዋ ሳህን ሳይሆን በቡና ሲኒ ለኪው፤ ሁለት ሲኒ ይበቃሻል። ቅር ካለሽ ጤና አዳም ጣል አድርጊበት፣ ሚጥሚጣም ቁንጥር። ጨው ብቻ እንዳትነኪ።

ለጎመንና ለክትፎ ሪኮታ አይሆንም። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ፤ ተበትኖ ወጥ ይሆናል። ለዚያ "ኖ ሶልት አዲድ" የሚል፣ ጨው ያልተጨመረበት ኮቴጅ ቺዝ ይፈልጉልሽ። ከጠፋ የተለመደውን እጠቢው። አዎ፣ እጠቢው! ማጥለያ ላይ ገልብጠሽ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ እያገላበጥሽ። ብዙው ጨው ይሄዳል። ካልሲየምም አብሮ ይቀንሳል፣ ግን እሱን ከጠዋቱ አግኝተሽዋል። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ጨምቀሽ ኮሰረት ብትነሰንሺበት የደብረ ብርሃኑን ባይሆን የጎረቤቱን ያህላል። ክትፎው ግን በደንብ ይብሰል። ጥሬው በዚህ ዕድሜ ይቅርብሽ፣ በእመቤቴ።

አሁን ስለ ኪኒኑ። ሳምንታዊውን የአጥንት ኪኒን "ሆዴን እንዳያቃጥለኝ" ብለሽ በአይብ እንደምትውጪው ወንድሜ ነገረኝ። ይሄ አይሆንም። ካልሲየሙ ኪኒኑን አንቆ ይይዘዋል፣ ወደ ሰውነትሽ አይገባም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ፣ ሳትተኚ፣ ቁጭ ብለሽ ትቆያለሽ። ቡናም ቢሆን አይቻልም። ደግሞ ማነው እሑድን የመረጠልሽ? እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ስትቆርቢ ውሃም አትቀምሺ። ወንድሜ ሐኪምሽን ጠይቆ ወደ ማክሰኞ ያዙርልሽ። የግፊቱንም ደብተር ይዞ ይሂድ፤ ኪኒኑን የሚጨምረውና የሚቀንሰው ሐኪሙ እንጂ እኔም አንቺም አይደለንም።

አንድ ነገር ልጨምር። አይብ አደረ ብለሽ አትደነግጪም፣ ልማድሽ ነው። አገር ቤት ኮምጣጣነቱ ይጠብቀው ነበር። ሪኮታ ግን እንደ ወተት ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆየ ይደፋ። ፍሪጅ ውስጥም ከተከፈተ በሳምንቱ ይለቅ። እንዲህ ያለ ለስላሳ አይብ ሲበላሽ በትልቅ ሰው ላይ ይከፋል። በበላሽበት ማንኪያ ተመልሰሽ አትጨልፊ። ምራትሽ የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ትጻፍበት፣ አንቺም አትቆጫት።

ረቡዕና ዓርብ ያው ሽሮሽ አለ፣ ስለሱ ምንም አልልም። ጨው ካላበዛሽበት።

ሐምሌ ላይ ፈቃድ ይሰጡኛል፣ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ማጥለያዋን እንዳትደብቂ። አንቺ ታገላብጫለሽ፣ እኔ ቧንቧውን እይዛለሁ፣ ወንድሜ ደግሞ ቪዲዮ ያንሳን።

ናፋቂሽ ልጅሽ