የቅዳሜው ንባባችን፦ ጂሚ ብሬስሊን

ሰላም ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ የምናወራው ስለ ጂሚ ብሬስሊን ነው። አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። የኒውዮርክ ልጅ ነው፤ ኩዊንስ በሚባለው ሰፈሯ ተወልዶ ያደገ። ሄራልድ ትሪቡን፣ ዴይሊ ኒውስ፣ ኒውስዴይ በተባሉት ጋዜጦች ላይ ሲጽፍ ነው የኖረው።

አንዷን ጽሑፉን ግን የግድ አንብባችሁ ኑ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1963 ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሊቀበሩ ነው። ጋዜጠኛው ሁሉ ባለሥልጣን ባለሥልጣኑን ይከተላል። ብሬስሊን ግን ፕሬዚዳንቱ የሚቀበሩበትን የአርሊንግተን መካነ መቃብር ጉድጓድ ቆፋሪ ፈልጎ አገኘ። ሰውዬው በሰዓት 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነው የሚከፈለው። እሁድ ጠዋት ቤቱ ቁርስ እየበላ ስልክ ተደወለለት፤ ሄዶም በማሽን ቆፈረ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። እኔን ሆዴን ያባባኝ ያቺ 1 ሳንቲም ናት።

በ1969 ከደራሲው ኖርማን ሜይለር ጋር ለከተማው ምርጫ ተወዳድሮ ተሸንፏል። በ1977 "የሳም ልጅ" የተባለው ነፍሰ ገዳይ ደብዳቤ የጻፈው ለእሱ ነበር። በ1986 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ፣ በ2017 ዐረፈ። ልቦለዶችም አሉት፤ ለእኔ ግን የጋዜጣ ጽሑፎቹ ይበልጣሉ። የማይስማማ ካለ ቅዳሜ እንከራከራለን።

ጽሑፉን ያላገኘ ይደውልልኝ። ቡናው እንደተለመደው በተራ ነው፤ የዚህ ሳምንት ተረኛ ራሱን ያውቃል።