የጀርመን ነፋስ መስመር አጥሮታል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጀርመን የታዳሽ ኃይል ሽግግር በተነሳ ቁጥር «ነፋስና ፀሐይ አያስተማምኑም» የሚለው ክርክር ይቀድማል። ነፋስ የሚጠፋባቸው፣ ሰማዩም የሚጠቁርባቸው የክረምት ሳምንታት መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን አገሪቱ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዩሮ የምታወጣው ነፋሱ በሚበረታበትም ጊዜ ነው፤ የተመረተውን የሚያደርስ በቂ መስመር የላትም።

ነፋሱ በሰሜን በባሕሩ ዳርቻ ነው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ግን በደቡብ በባቫሪያና በባደን ቩርተምበርግ በብዛት ይገኛሉ። በደቡብ የቀሩት ሁለት የኑክሌር ጣቢያዎች፣ ኢዛር 2 እና ኔካርቬስትሃይም 2፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 ተዘጉ፤ ስለዚህ ደቡቡ የሰሜኑን ኃይል ይበልጥ ይፈልጋል።

የኤሌክትሪክ ገበያው መላውን ጀርመን እንደ አንድ ቀጣና ስለሚቆጥር የጅምላ ዋጋው በሁሉም ቦታ እኩል ነው፤ የመስመር መጨናነቅ በዋጋው አይታይም። የባቫሪያ ገዢ የሰሜኑን ርካሽ ኃይል ይገዛል፣ መስመሩ ግን ሁሉን አይችለውም። ከአቅም በላይ ከረንት ያለፈበት ሽቦ ይግላል፣ ይረዝማል፣ ወደ መሬት ይረግባል። አንዱ መስመር ድንገት ቢቋረጥ ጭነቱ ወደሌሎቹ ስለሚዞርም ሁልጊዜ መጠባበቂያ አቅም መተው ግድ ነው። ስለዚህ የኔትወርኩ ተቆጣጣሪ በሰሜን ተርባይኖችን ያስቆማል፣ በደቡብ የጋዝ ወይም የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ያስነሳል። ለቆመው ካሳ፣ ለተነሳው የነዳጅ ወጪ ይከፈላል፤ ጭሱም ይጨመርበታል። ይህ በጣም ያሳዝናል።

ይህን እንዲያቃልል የታቀደው ዙድሊንክ ነው፤ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 525 ኪሎ ቮልትና 4 ጊጋዋት የሆነ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚዘረጋ የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት) መስመር። እ.ኤ.አ. በ2022 ያልቃል ተብሎ ነበር፤ አሁን የሚጠበቀው እ.ኤ.አ. በ2028 ማብቂያ ነው። ነዋሪዎች የብረት ምሰሶ በመቃወማቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉ ተቀይሮ ኬብሉ ከመሬት በታች እንዲቀበር ተወሰነ፣ የመስመር መረጣውም እንደገና ተጀመረ። በእኔ እምነት በሽግግሩ ውስጥ ከተከፈሉት ከባድ ዋጋዎች አንዱ ይኸው ኬብሉን የመቅበር ውሳኔ ነው። የተቀበረ ኬብል ሲበላሽ የተበላሸበትን ቦታ በመሣሪያ መፈለግ፣ መቆፈርና አዲስ መገጣጠሚያ መሥራት ያስፈልጋል፤ ከምሰሶ ላይ ሽቦ ጥገና እጅግ የዘገየ ነው። ኤሲ (አቅጣጫው ያለማቋረጥ የሚለዋወጥ ከረንት) ደግሞ ለዚህ ርቀት አይሆንም፤ የተቀበረ ረጅም የኤሲ ኬብል ራሱን በኤሌክትሪክ ቻርጅ ደጋግሞ በመሙላት ብቻ አቅሙን ይጨርሳል።

ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልቱ መስመራችንም ዲሲ ነው፤ እሱ ግን በምሰሶ ላይ ያለፈ ነው።

ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2030 ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 80 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ ለማግኘት አቅዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ግማሹን አልፋለች። የቀረውን የሚወስነው የተርባይን ቁጥር ብቻ አይደለም። ስለዚህ አዲስ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ስትዘግቡ የሜጋዋቱን መጠን ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ እንደሚገናኝና መስመሩ መቼ እንደሚያልቅ አብራችሁ ብትጽፉልን።

የኃይል ማስተላለፊያ መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ