የይግባኝ ቀን ላለፈበት ሰው 10ሩ ቀን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ይግባኝ ካለፈ በኋላ ዳኛው ከፈለገ ያስገባሃል፣ ካልፈለገ ይመልስሃል» ሲባል በኮዬ ፈጬም በቱሉ ዲምቱም ይሰማል። ዳኛው ሥልጣኑ አለው፤ የሚመዝነው ግን የቀረበለትን ወረቀት ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 ለይግባኝ 60 ቀን ይሰጣል። የሚቆጠረው ፍርዱ ከተነገረ ማግስት ጀምሮ ነው፤ የፍርዱ ግልባጭ እስኪወጣ አይጠብቅም። መስከረም 20 የተፈረደ ኅዳር 20 ይሞላል። «ሁለት ወር» ብሎ የሚያስብ ሰው ጳጉሜ መሃል ከገባች በ5 ወይም በ6 ቀን ይሳሳታል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቁጥር 324 ላይ ነው። የይግባኝ ማስፈቀጃው፣ ማለትም ቀኑ ካለፈ በኋላ ይግባኝ ለማለት ፈቃድ የሚጠየቅበት ማመልከቻ፣ የሚቀርበው በጊዜው ይግባኝ እንዳይባል የከለከለው እንቅፋት በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ቤቱ ሦስት ሳምንት ቢያርፍ፣ የመኝታ ማስረጃው እነዚያን ሳምንታት አይሸፍንለትም። ማስረጃው ከመቼ እስከ መቼ እንደታመመ ይናገር፤ «ታሞ ነበር» ብቻ ከሆነ ዳኛው የሚቆጥረው ቀን የለም። ግልባጭ የዘገየበትም በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የጠየቀበትንና የተቀበለበትን ቀን መዝገብ ቤት በማህተም ያረጋግጥለት። በቃል ጠይቆ ሲመላለስ የከረመ ሰው እጁ ላይ ምንም የለም። «ጠበቃዬ ረሳው» ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ ሕጉ የጠበቃን ጥፋት በቂ ምክንያት አያደርገውም። (ለእኔ ከሕጉ ሁሉ ጨካኙ ይህ ነው።)

በሌለበት የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ውስጥ አይግባ። በቁጥር 78 መሠረት፣ ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ራሱ ያመልክት። ዳር ሰፈር ይህ ይበዛል፦ ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል፣ የብሎክ ቁጥር ይሳሳታል፣ መጥሪያው ዝግ በር ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ጉዳዩ መጀመሪያ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የአፈጻጸም (ፍርዱን የማስፈጸሚያ) መጥሪያ ሲደርሰው ነው። ያንን ወረቀት ከነቀኑ ያስቀምጥ፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ቤት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ የኪራይ ውልም ያያይዝ።

ዳኞችም ማስፈቀጃ ሲጥሉ «ምክንያቱ በቂ አይደለም» ብለው ባይዘጉት ጥሩ ነው። የትኞቹ ቀናት ማስረጃ እንደጎደላቸው በትእዛዙ ቢጻፍ፣ ሰበር (የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) የሚሄደው ሰው የሚከራከርበትን ነጥብ ያውቃል።

አንድ የሕግ ባለሙያ
ከአቃቂ ቃሊቲ